ወታደርን «አብሽር» ማለት፦ የሠራዊት ሞራል ከምን እንደሚሠራ

ወሎ ውስጥ ሐዘን የደረሰበትን፣ መንገድ ያደከመውን ወይም ከባድ ፈተና የተደቀነበትን ሰው «አብሽር» ይሉታል፤ ሴት ከሆነች «አብሽሪ»፣ ብዙ ከሆኑ ደግሞ «አብሽሩ»። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣና በሥሩ የምሥራችን የሚያበስር ሲሆን በወሎ ሰው አፍ ግን ሰፍቶ «አይዞህ፣ ያልፋል፣ እኛም አለንልህ» የሚል ትርጉም ይዟል። ስለ ሠራዊት ሞራል ለማስረዳት ስነሣ ከዚህ የሚሻል መግቢያ አላገኘሁም፤ ይህ አንድ ቃል ብርታትንና ደስታን ሳይነጣጥል አብሮ ይጠራልና። በወታደር ኑሮም ሁለቱ እንዲሁ የተጋመዱ ናቸው። ብዙ ሰው ስለ ሠራዊት ሲያስብ ብርታቱን ብቻ ያያል፤ ወታደሩ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ከቤቱ ምን ወሬ እንደሚደርሰው፣ በዕረፍት ሰዓቱ በምን እንደሚስቅ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ብርታቱ የሚበቅለው ግን ከእነዚሁ ነገሮች ነው።

«ሞራል» የሚለው የውጭ ቃል በአማርኛ ከተለመደ ቆይቷል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ከወኔ ጋር ይምታታል። ወኔ የአንድ ሰው ነው። ቀረርቶ ሲሰማ፣ ወንድሙ ሲወድቅ ሲያይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ከፊቱ ሲውለበለብ ድንገት ይነሣል፤ እንደ ገለባ እሳት ቦግ ብሎም ሊጠፋ ይችላል። ሞራል ግን የጋራ ነው። አንድ ጓድ፣ አንድ ሻምበል ወይም አንድ ክፍለ ጦር መከራው ሲረዝምበት፣ ወሬው ሲከፋበትና የሚቆጣጠረው አለቃ በአጠገቡ ሳይኖር ሲቀር ሥራውን ሳይጥል አብሮ ለመቆየት ያለው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ከዘመቻ በፊት በሚደረግ ሰልፍና ፉከራ ሞራልን መመዘን አይቻልም። የሚመዘነው ዝናቡ ከጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ልብስ ሳይደርቅ፣ ጫማ ተቀዶ፣ ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ወር ሲያልፈው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሰው «እንግዲያው ወታደሩ ከተመቸው ሞራሉ ከፍ ይላል ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የአገራችን ታሪክ ራሱ ማስተባበያውን ይሰጣል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከሌሎች የጦር ክፍሎች ሁሉ በተሻለ የሚኖረው፣ በተሻለ የሚለብሰውና የሚሠለጥነው ክብር ዘበኛ ነበር፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥት ለመገልበጥ የተነሣው ግን ይኸው ክፍል ነው። ምቾት ታማኝነትን አይገዛም፤ ወታደርም ሆዱ ስለሞላ ብቻ አይዋጋም። በተቃራኒውም ተርቦ፣ ታርዞና ተጠምቶ የጸና ጦር በዓለም ታሪክ ሞልቷል። የኑሮ ደስታ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ እሱም የሰው ልጅ ትዕግሥት እንዳያልቅ መሙላቱ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ እግረኛ ጦር ጋር በምሽግ ውስጥ በሐኪምነት ያገለገለው፣ ኋላም ሎርድ ሞራን ተብሎ የዊንስተን ቸርችል የግል ሐኪም የሆነው ቻርልስ ዊልሰን ይህን በሚገባ አስተውሎታል። ጀግንነት በየሰዉ ዘንድ በመጠን የተቀመጠ ሀብት እንደሆነና በጦርነት ውስጥ ያለማቋረጥ ከላዩ ወጪ እንደሚደረግበት አስረድቷል። እኔ በወሎ ገበሬ ጎተራ እመስለዋለሁ። ጎተራው ትልቅም ትንሽም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ እየተሰፈረለት ምንም ካልተጨመረበት፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን፣ አንድ ቀን እጁ ወለሉን ይነካል። ከሁሉ አስቀድሞ መንቀጥቀጥ የጀመረውን ወታደር «ፈሪ» ብሎ መስደብ ጎተራው ባዶ የሆነበትን ሰው «ሰነፍ ገበሬ» ከማለት አይለይም። ምናልባት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ የሰፈረው እሱ ይሆናል። እንቅልፍ፣ ትኩስ ምግብ፣ ፈቃድ፣ ጨዋታ፣ ዘፈንና ደብዳቤ ወደ ጎተራው የሚመለሱ ቁናዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው ውሃና እንጀራ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያውጁ የሸዋው ጦር በጥቅምት እኩሌታ እንዲገናኝ የታዘዘው እዚሁ ወሎ፣ ወረይሉ ላይ ነበር። ያ ሠራዊት ዛሬ በምናውቀው መልክ ስንቅና ትጥቅ የሚያቀርብለት መምሪያ አልነበረውም። ወታደሩ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን ከቤቱ ይዞ፣ አብዛኛውም ሚስቱን ወይም አሽከሩን አስከትሎ ይዘምታል፤ ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ ያለፈበት አገር ይመግበዋል። የወሎ ገበሬ በሰሜኑ መንገድ ላይ በመስፈሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከትውልድ ትውልድ ያውቀዋል። ሠራዊት ከመንግሥት ጎተራ ካልበላ ከገበሬ ጎተራ ይበላል። ስለዚህ የወታደር ስንቅ ጉዳይ የወታደሩ ብቻ አይደለም። ስንቁ የተሟላለት ወታደር ሰውን አያስቸግርም፤ ሰውም አይሸሸውም፤ የሚያልፍበት አገር ሰላምታ ደግሞ በተራው ለወታደሩ መንፈስ ምግብ ይሆናል።

በዚሁ ዘመቻ ጣሊያኖች መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተመሽገው በቆዩ ጊዜ ምሽጉን ያስለቀቃቸው ከመድፍ ይልቅ ጥም ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ተያዘ፤ በምሽጉ ውስጥ የነበሩት ወታደሮችም ከቀናት በኋላ በስምምነት ለቅቀው ወጡ። በዓድዋ ዕለት ደግሞ ሴቶች በጀርባቸው ውሃ አዝለው በተዋጊው መካከል ይመላለሱ ነበር። አንድ ዓይነት ነገር፣ ውሃ፣ በአንዱ ወገን ሲቋረጥ ሞራልን ሰበረ፤ በሌላው ወገን ሲቀርብ ጠገነ።

ከዚያ ከሰባ ስምንት ዓመታት በኋላ ውሃ ሌላ ሥራ ሠራ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር የሚጠቀምበት የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ ወታደሮቹ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ስለ ምግባቸውም ብዙ ጊዜ ያቀረቡት አቤቱታ ሰሚ አላገኘም ነበር። መኮንኖቻቸውን ያዟቸው። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥም ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ እነሱ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። የቀረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ቅሬታው ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይልና በየካቲት ወደ አሥመራው ክፍለ ጦር ተዛመተ፤ በሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ። ለአብዮቱ መንሥኤ የሚሆኑ ብዙ ነገሮች ነበሩ፤ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው እዚሁ ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መደበቁ ነው። በነገሌ ላይ ትኩረት የማደርገው ግን ወታደር ችግርን እንዴት እንደሚያየው ስለሚያሳይ ነው። በቦረና በረሃ ውሃ ማጣት ለወታደር አዲስ አይደለም። ያንገበገበው አጠገቡ ውሃ እያለ መከልከሉ ነው። ወታደር ችግርን ይችላል፤ አድልዎን ግን አይችልም። ስለ ሞራል አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ብፈቀድ የምናገረው ይህን ነው።

ይህን ከሌሎች ሁሉ አብልጦ ተረድቶ በሥራ ያዋለው አዛዥ እንግሊዛዊው ማርሻል ዊልያም ስሊም ይመስለኛል። ስሊም አገራችንን ያውቃታል፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያንን ለመውጋት በመተማ በኩል የመጣውን ብርጌድ የመራው እሱ ነበር። ጋላባትን ያዘ፤ ነገር ግን ከአየር የወረደው ቦምብ ከአንዱ ሻለቃ ብዙዎቹን ወታደሮች አስደንግጦ ወደ ኋላ አስሸሻቸው፤ መተማን ሳይዝም ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በርማ ውስጥ በጃፓን ተሸንፎ ያፈገፈገ ጦር ተረከበ፤ ያንን ጦር መልሶ ለማቆም ሲነሣም ሞራል በሦስት መሠረት ላይ እንደሚቆም ለራሱ ጻፈ፦ በመንፈስ፣ ማለትም ዓላማው የሚያስከብር እንደሆነ በማመን፤ በአእምሮ፣ ማለትም ዓላማው ሊደረስበት እንደሚችልና አዛዦቹ እንደሚያውቁበት በማመን፤ በቁስ፣ ማለትም አዛዦቹና ሠራዊቱ በፍትሕ እንደያዙትና የሚቻለውን ሁሉ እንደሰጡት በማመን። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ቁሱ መጨረሻ ነው። ስሊም የነበረው ሠራዊት ከሁሉ የተረሳና ከሁሉ ያነሰ ስንቅ የሚደርሰው ስለነበር ወታደሩን በምግብ ብዛት ሊያስደስተው አይችልም ነበር። ያደረገው ሌላ ነው፤ ከፊት የተሰለፈው ክፍል ምግቡ በግማሽ ሲቀነስ በዋናው መምሪያ ያለው ሁሉ፣ ራሱን ጨምሮ፣ በግማሽ እንዲበላ አዘዘ። ይህ ፊት ላለው አንድ ጉርሻ እንኳ አልጨመረለትም፤ መምሪያው ግን ስንቁ ለምን እንደዘገየ እንዲጨነቅ አደረገው። በወባ በኩል ደግሞ ርኅራኄው ጠንካራ ነበር። በ1943 እ.ኤ.አ. ቆስሎ ለሚወሰድ አንድ ሰው 120 ታማሚ ይወሰድ ስለነበር መከላከያ ክኒኑን ወታደሩ በእርግጥ መዋጡን በድንገት እያስመረመረ፣ ያላስዋጡትን ሦስት አዛዦች ከሥልጣን አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማንሣት አላስፈለገውም። ወታደርን ማስደሰት ማለት ማባበል እንዳልሆነ የሚያሳይ ነው፤ አንዳንዴ መራራ ክኒን ማስዋጥ ነው።

በዚህ ላይ ስለ እኩልነት ሊነሣ የሚችለውን ጥርጣሬ እዚሁ መመለስ ይገባል። ማዕረግ ባለበት ቦታ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ማለት አይደለም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ማንም የማይናቅበት ቤት ነው። በድሮው ግብር መኳንንቱ ቀድመው በየማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፤ ተራው ወታደር በኋላ ዙር ይገባል። ሆኖም ወታደሩ ድርሻው የታወቀ እንደሆነና ሳይበላ እንደማይመለስ ያውቃል፤ የጌታው ፊትም ይታየዋል፤ ጠጁ ሲሞቅ በፉከራው መካከል የተረሳ ውለታውን ያስታውሳል፤ አዝማሪም ያግዘዋል። ተራው ቢዘገይም ድርሻው አይቀርም። በነገሌ የጠፋው ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጓድ ነው፤ ለወሎ ሰው ይህን ለማስረዳት ቅሬን መጥራት ይበቃል። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ለቅሬው የሚታዘዘው ሕጉን ስለፈራ ብቻ አይደለም፤ ነገ የእሱን አስከሬን የሚሸከሙት እነዚሁ ሰዎች ስለሆኑ ነው። በወታደር ዘንድም የእሳት ዙሪያው፣ ድስቱና ጉድጓዱ የጋራ የሆነው ከአሥር የማይበልጥ ሰው ቅሬው ነው። ኤድዋርድ ሺልስና ሞሪስ ጃኖዊትዝ የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቃውንት በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የጀርመን ወታደር ሽንፈቱ ከተረጋገጠ በኋላም የተዋጋው ከፖለቲካው ይልቅ ለዚህ ትንሽ ቡድኑ ሲል እንደሆነ ተከራክረዋል። ኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉትም፤ በምሥራቁ ግንባር ቡድኖቹ በሞት እየተበተኑም ጦሩ መዋጋቱን ስለቀጠለ የናዚ ትምህርት የነበረውን ድርሻ አሳንሶ ማየት አይቻልም ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ጓድ ብቻውን በቂ ባይሆንም ያለ ጓድ የሚቆም ሞራል ያለ አይመስለኝም። ከእኛም ወገን ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ አንድም ምርኮኛ ሳያስይዝ መመለሱ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

አሜሪካኖች በቬትናም ያደረጉት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። እያንዳንዱ ወታደር አንድ ዓመት ያህል ብቻ እንዲያገለግልና የሚመለስበትን ቀን አስቀድሞ እንዲያውቅ ተደረገ። ቀኑን ማወቅ ለግለሰቡ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ አንድ በአንድ ስለሚሄዱ በእሳት ዙሪያ ያለው ሰው ሁልጊዜ ይቀያየራል፤ አዲስ የመጣውን የሚያውቀው የለም፤ ሊሄድ ሳምንት የቀረው ደግሞ ልቡ ቤቱ ደርሷል። ለአንዱ ሰው ደስታ የታሰበው ዘዴ ቅሬውን በተነ። አብረው ሄደው አብረው ቢመለሱ ኖሮ ሁለቱም በተገኘ ነበር።

ፈቃድና ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እንደ ችሮታ ይታያሉ። የፈረንሳይ ጦር በ1917 እ.ኤ.አ. ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ተምሯል። በሚያዝያ ብዙ ሕይወት ያለ ውጤት ከጠፋበት ማጥቃት በኋላ በግማሽ ያህል ክፍለ ጦሮች ውስጥ ወታደሮች እምቢታ አነሡ። አብዛኛዎቹ ምሽጋቸውን አልለቀቁም፤ «እንጠብቃለን፣ ግን ወደ ከንቱ ሞት አንሄድም» ነው ያሉት። አዲስ የተሾመው ጄኔራል ፔታን ቅጣት አልተወም፤ ከ500 በላይ ሰዎች ሞት ሲፈረድባቸው የአብዛኛዎቹ ተለውጦ የተገደሉት ጥቂቶች ናቸው። ጦሩን ያዳነው ግን በየክፍሉ እየዞረ ቅሬታ ማዳመጡ፣ ከንቱ ማጥቃትን ማቆሙ፣ ምግቡንና ማረፊያውን ማሻሻሉ፣ ከሁሉም በላይ በየአራት ወሩ የሰባት ቀን ፈቃድ በተግባር እንዲከበር ማድረጉ ነው። ደንቡ በወረቀት ላይ ቀድሞም ነበር፤ አዲሱ ነገር መፈጸሙ ነው።

ስለ ደብዳቤ ያደግሁበትን ልናገር። በ1980 ዓ.ም. ሐይቅ አካባቢ ባለው መንደራችን ጽሕፈት የምችል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበርና ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነበርሁ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል የሚል ነበር፤ የእሳቸው ልጅ ግን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ቡናው በረካው ላይ ሲደርስ ያስቀምጡኛል። መጀመሪያ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» የሚለው ይጻፋል። ከዚያ «ላሚቱ ወልዳለች በለው። ወይፈን ነው በለው» ይሉኛል። በዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶ ማሳው ገርጥቶ ነበር። እኔ የዋህ ሆኜ «ስለ ዝናቡስ?» ብላቸው «ተው ልጄ፤ እሱ እዚያ ሆኖ ዝናብ አያዘንብልን። አብሽር ብለህ ዝጋው» አሉኝ። ከሦስት ወር በኋላ መልስ መጣ። አንዴ ረጥቦ የደረቀ፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር። ስለ ጦርነቱ አንድ መስመር የለበትም። «ጥጃው መልኩ እንዴት ያለ ነው? ቡሬ ነው ወይስ ዳለቻ?» ብሎ ይጠይቃል። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲስቁ አስታውሳለሁ፤ በዚያ ዓመት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

በኋላ ልጁን ራሱን ስጠይቀው ያ ጥያቄ የጓዱ ሁሉ ጥያቄ እንደነበር ነገረኝ። ደብዳቤው በምሽጉ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር፤ ከጎጃም፣ ከሲዳሞና ከሐረርጌ የመጡት ልጆች በጥጃው መልክ ላይ ተከራክረው ነው ጥያቄውን የጻፉት። የሚበሉት ኮቾሮ በሰደፍ ተሰብሮ በሻይ ካልራሰ ለጥርስ የማይመች ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ያን እየነከሩ ሐይቅ ዳር ስላለ ጥጃ ያወራሉ። ይህ ሰነፍ ጨዋታ አይደለም። ቤቱ ደህና እንደሆነ የሚያምን ሰው ባለበት መቆም ይችላል፤ ቤቱ እየፈረሰ እንደሆነ የሚሰማ ሰው ግን ልቡ አስቀድሞ ኮብልሏል። የሰው ናፍቆት በሽታ እስኪመስል ሊጠና እንደሚችል በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ የሕክምና ተማሪ በአገሩ ቅጥረኛ ወታደሮችና ሌሎች ስደተኞች ላይ ያየውን ጽፎ ስም አውጥቶለት ነበር። እኛ ትዝታ እንለዋለን፤ በቅኝትም እንጫወተዋለን።

ዘፈንም ከዚህ ይነሣል። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው፤ ወታደር ደግሞ አገሩን ከሚሸከምባቸው ነገሮች ቀላሉ ዘፈን ነው። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ራሱ የሠራዊት ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ያደጉት በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ነው። በኋላም ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ ኪነት አለ። ስፖርትም እንዲሁ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የተከተለው ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እጨምራለሁ፤ ዘፈንና ኳስ የሚሠሩት ዳቦው ከቀረበ በኋላ ነው። ለተራበና ለተበደለ ወታደር የኪነት ቡድን መላክ ብዙውን ጊዜ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

በዓልና ጾም ትንሽ የሚመስሉ ትልቅ ነገሮች ናቸው። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ በየራሱ እንዲዘጋጅ፣ ሮመዳን ሲገባ ለሱሑር ትኩስ ነገር እንዲገኝ፣ በዐቢይ ጾም ሽሮው እንዳይጠፋ የሚያስብ ወጥ ቤት ካለ ወታደሩ እንደ ሰው መቆጠሩን ያውቃል። የጎረቤታችን ልጅ በሮመዳን ከሰዓት በኋላ ያለውን የጥበቃ ተራ አንድ የጎጃም ልጅ ይሸፍንለት ነበር፤ እሱም በፋሲካ ሌሊት የዚያን ልጅ ተራ ይቆምለታል። ማንም አላዘዛቸውም። በአንድ ቤት እስላምና ክርስቲያን አብሮ ለሚኖርበት ለወሎ ልጅ ነገሩ አዲስ አልነበረም።

ሞራል ሲጎዳ አስቀድመው የሚታዩ ምልክቶች አሉ። በጠዋት ወደ ክሊኒክ የሚሰለፈው ይበዛል፤ መሣሪያ ሳይወለወል ይውላል፤ ከፈቃድ የሚዘገየው ይበረክታል፤ ራሱን የሚያቆስል ይከሰታል፤ ስርቆት በጓድ መካከል ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዝምታ ነው። የሚያጉረመርም ወታደር ገና ተስፋ አለው፤ ይስተካከላል ብሎ ነውና የሚናገረው። በፍርሃት የሚገዛ አዛዥ ይህን ዝምታ ሥርዓት መስሎት ይደሰታል። በደርግ መጨረሻ ዘመን የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአንድ ክፍል ላይ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የደህንነት ሰው እኩል ስለሚያዙ አንዱ ሌላውን ይጠባበቃል፤ በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ተረሸኑ፤ በቀጣዩ ወር አፍአበት ላይ ዕዙ ተደመሰሰ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. ከከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ብዙ የጦር መሪዎች ጠፉ፤ በዓመቱም 12 ጄኔራሎች ተገደሉ። የመሣሪያ እጥረት አልነበረም። የራሱን አዛዦች የሚረሽን መንግሥት ለተራው ወታደር ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚሰጥ ወታደሩ ራሱ ያሰላል። ትግራይ ከተለቀቀች በኋላ ግንባሩ ወሎ በመሆኑ እኛ ያን ስሌት በዓይናችን አይተነዋል፤ መለዮውን ያወለቀ ወታደር ከወልድያ ወደ ደሴ ባለው አስፋልት ዳር እየመጣ ውሃ ይለምን ነበር። እናቶች ገምቦ ይዘው በር ላይ ይቆሙ ነበር።

ይህ ወደ መጨረሻው ነገር ያደርሰኛል፤ እሱም ከአገልግሎት በኋላ ያለው ኑሮ ነው። በግንባር ያለው ወታደር ነገ ምን እንደሚጠብቀው የሚያነበው ትናንት በተመለሰው ሰው ላይ ነው። ለአካል ጉዳተኞች ደብረ ዘይት ላይ የጀግኖች አምባ፣ ለወላጅ አልባ ልጆች ደግሞ አላጌ ላይ ሕፃናት አምባ መሠራታቸው፣ በዚያ ሥርዓት ላይ የፈለገው ቢባል፣ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር፤ «እኔ ብወድቅ ልጆቼስ?» ለሚለው ጥያቄ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሰጠ መልስ ነውና። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ግን ያን መልስ የሚጠብቀው ሰው እጅግ ብዙ ነበር፤ በየከተማው እጁን የዘረጋ የቀድሞ ወታደር ማየት ተለመደ። ዛሬም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ በየመንደሩ የተመለሱ ወጣቶች አሉ፤ ሌሊት የሚባንኑ፣ የበር መንኳኳት የሚያስደነግጣቸው። እነዚህን «ምን ሆነ?» ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቆ መተው አይበቃም፤ ጎተራው የሚሞላው በቁና በቁና ነው፤ ሐኪም፣ ሥራና ታጋሽ ጎረቤት ይፈልጋል።

የጎረቤታችን ልጅ በ1983 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ በእግሩ ደረሰ። አሁን ሽማግሌ ሆነዋል፤ «እሳቸው» እላቸዋለሁ። ወይፈኑ እሳቸው ሳይመጡ ተሸጦ ነበር፤ መልኩ ቡሬ እንደነበር ግን ደጋግመው ያስነግሩኛል። ባለፈው ዓመት ያ የጥበቃ ተራቸውን ይሸፍንላቸው የነበረው የጎጃም ሰው ማረፉን በስልክ ሰሙ። ልጆቻቸው በዕድሜያቸው አሳበው ሊያስቀሯቸው ቢሞክሩም አልሰሙም፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ስማቸውንና የጦር ክፍላቸውን ሲናገሩ የሟቹ ባለቤት ተነሥታ እጃቸውን ይዛ ከሟቹ ወንድሞች መካከል አስቀመጠቻቸው።